ባለ ሁለት መደርደሪያው ማድቤት

«ይኸውልሽ፣ ያንቺ ክፍል» አለች አርክቴክቷ ናጅዋ፣ የእርሳሷን ጫፍ ትልቁ ወረቀት ላይ አሳርፋ።

ዙልፋ ጎንበስ ብላ አየችው። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ የአልጋ ቦታም በስሱ ተሰምሮበታል። በአሥራ አራት ዓመቷ ብቻዋን ተኝታ አታውቅም። ታናናሽ ወንድሞቿ በእንቅልፍ ልባቸው እየረገጧት ነው ያደገችው። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የምታጠናውም እነሱ እስኪተኙ ጠብቃ በስልኳ መብራት ነው። ፕላኑን ፎቶ አነሳችው። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ኤደን በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና «ጀለስ፣ ፏ ልትዪ ነው በቃ» ብላ ሳቀች።

ቤቱ የመርሳ ከተማ ሰው እስካሁን «ሆቴሉ» የሚለው፣ አስፋልቱ ዳር የቆመ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ሆቴልነቱ ከቀረ ቆይቷል፤ የአልጋ ክፍሎቹ ለቤተሰቦች ተከራይተዋል። አሁን ባለቤቶቹ በወጉ ወደ መኖሪያ ቤትነት ሊቀይሩት ነው። የሚፈርሰው ፈርሶ፣ የሚጨመረው ተጨምሮ፣ ማድቤትና መታጠቢያ በየቤቱ ውስጥ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ ነባር ተከራይ ሁሉ አንዳንድ ቤት ይደርሰዋል። ፕላኑን የሠራችው ናጅዋ ከደሴ የመጣች ወጣት ናት። አርክቴክት ነኝ ብትልም ግቢው በሙሉ «ኢንጂነር» ይላታል፤ እሷም ማረሙን ትታዋለች። ዛሬ ወረቀቱን በረንዳው ላይ ዘርግታ ለነዋሪው ስታሳይ አረፈደች።

አነባበቡንም ነግራቸዋለች። ጥቁሩ መስመር የነበረው ግድግዳ ነው፣ ቀዩ አዲስ የሚሠራው፣ ነጠብጣቡ የሚፈርሰው። በየቤቱ መሐል የተከራዩ ስም ተጽፏል። ዙልፋ ወረቀቱ ላይ ከደረጃው ጀምራ ኮሪደሩን በጣቷ ተከተለች። ይሄ የእነሱ በር። ይሄ አሁን ያሉበት ክፍል። መሐሉ ላይ የአባቷ ስም፣ አብዱልሐሊም። አዲሱ ክፍል ከእሱ ቀጥሎ ነው፤ መስኮቱም ወደ ማንጎው ዛፍ ያያል።

ጣቷ እዚያው ቀረ። ወደ ማንጎው የሚያይ መስኮት ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የጎረቤታቸው የእትዬ ብዙነሽ።

 የእትዬ ብዙነሽን ስም ከላይ ጀምራ ፈለገች፤ ከታች ጀምራ ደግማ ፈለገች። የለም። በእነሱና በእትዬ ብዙነሽ መካከል ያለው ግድግዳ ላይ ነጠብጣብ ተደርጎ፣ በር ወጥቶለታል። 

ኤደንን ጎትታ ደረጃው ሥር ወሰደቻትና ያየችውን ነገረቻት። እየነገረቻት ሳለ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለራሷም ገባት። ናጅዋ ልትለካ በመጣችበት ሰሞን እትዬ ብዙነሽ አልነበሩም። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ውርጌሳ ሄደው ነበር። ቁልፉን የተዉት ለዙልፋ ነው፤ ከፍታ ያስለካችውም እሷው ናት። ናጅዋ ደግሞ ቤተሰቡን ትቆጥር የነበረው በጓሮ በተደረደሩት ማድቤቶች ነው። የትም ብትሄድ እያንዳንዱ ቤት ማድቤቱን በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል፤ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ቤተሰብ። የዙልፋ እናት ከድጃና እትዬ ብዙነሽ ግን ዙልፋ ሳትወለድ ጀምሮ ማድቤታቸው አንድ ነው። ሁለቱ ቤት እንደ አንድ ተቆጠረ።

«አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለች ኤደን። «የሳቱት እነሱ። ዝም በያ።»

«እሳቸውስ የት ይገባሉ?»

«ልጃቸው ጋ...» ብላ ጀመረችና ኤደን ራሷ አልጨረሰችውም። የልጃቸው ቤት አንዲት ክፍል እንደሆነች ታውቃለች። አሁን ደግሞ ሕፃን ተጨምሮባታል።

በዚህ መሐል እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከጓሮ ብቅ አሉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ወረቀቱን ከሩቅ አይተው ዙልፋን በእጃቸው ጠሩ።

«ዙልፋዬ፣ እስቲ አንቺ እዪልኝ። መስኮቴን አልነኩብኝም አይደል?»

«አልነኩትም፣ እትዬ» አለች ዙልፋ።

እውነቷን ነው። መስኮቱን ማንም አልነካውም። የሌለው ስማቸው ነው።

«ተመስገን። በይ እናትሽ ከወልድያ ሳትመለስ ልጆቹን ላብላ» ብለው ወደ ማድቤቱ ተመለሱ።

ዙልፋ ሳታስበው ተከተለቻቸው። ማድቤቱ ውስጥ መደርደሪያው ሁለት ነው። በቀኝ ያለው የእነሱ ነው፤ ድስቱም ቢላውም ጆሮው ላይ ወይም እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። በግራ ያለው የእትዬ ብዙነሽ ነው። ሽሮና ምስር ከየትኛውም ድስት ይወጣል፤ ሥጋ ግን የእስላሙ በእስላሙ ድስት፣ የክርስቲያኑ በክርስቲያኑ። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራትም። እትዬ ብዙነሽ አሁንም እጃቸውን ዘርግተው፣ ሳያዩ፣ ቀይ ክር ያለበትን ድስት አወረዱና የዙልፋን ወንድሞች ወጥ ማሞቅ ጀመሩ። ክሩን በጣታቸው ዳብሰው ነበር ያወቁት።

ዙልፋ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ስለ ክፍሉ ማንም አልጠየቃትም። ዝም ካለች ወደፊትም ማንም ላይጠይቃት ይችላል። ናጅዋ ደግሞ ወረቀቱን እየጠቀለለች ነው፤ የደሴው ሚኒባስ ከመንገዱ ማዶ እየጠራ ነው።

«ኢንጂነር፣ ማድቤታችንን ሳያዩ እንዳይሄዱ» አለች ዙልፋ በረንዳው ድረስ ሮጣ።

«አይቼዋለሁ እኮ። ለክቼዋለሁም።»

«ውስጡን ነው።»

ናጅዋ ሰዓቷን አየች፤ መጣች። ዙልፋ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አሳየቻት። ክሩን፣ ቢላዎቹን፣ የማን የማን እንደሆነ።  ናጅዋ መጀመሪያ በትዕግሥት ነበር የምትሰማው፤ በኋላ ወደ ግራው መደርደሪያ ጠጋ ብላ ድስቶቹን ታይ ጀመር። የተጠቀለለው ወረቀት ከብብቷ ሾልኮ ወደቀ። እትዬ ብዙነሽ ጭልፋቸውን እንደያዙ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ።

«እዚህ የሚያበስለው ስንት ቤት ነው?» አለች ናጅዋ በመጨረሻ።

«ሁለት።»

«ያ ክፍል ላንቺ ነበር።»

ዙልፋ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አነሳችላት።

ሚኒባሱ ያለ ናጅዋ ሄደ። ፎቅ ላይ፣ የእትዬ ብዙነሽ ክፍል ውስጥ፣ ማንጎው በመስኮቱ ይታያል። ናጅዋ ቦርሳዋን ከፍታ ሜትሩን አወጣችና «ጫፉን ያዢልኝ፣ እንደገና እንለካለን» አለቻት። ዙልፋ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ወደ የጋራ ግድግዳቸው ሄደች፤ ፕላኑ ላይ በሯ ወደ ተሳለበት። ከግድግዳው ባሻገር ወንድሞቿ ይንጫጫሉ። ጫፉን ቀለሙ ላይ ለጥፋ፣ እንዳይንሸራተት በአውራ ጣቷ አጥብቃ ያዘችው።