ፀሐይ የበላው ሰማያዊ

ክብሪት የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ቤተሰቦቿ ሲሰሙት ግን «የለም፣ እሷን አይገልጻትም» ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ነው። ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ በጠብታ እየለካች ትውላለች፤ ስትቆጣ ግን ልኬት የሚባል ነገር አታውቅም።

ያን ቅዳሜ ተረኛው የቀለም መደብሩ ባለቤት ነበር። የአሮጌ ስኩተር የጎን ክዳን በብብቷ ይዛ ስትመጣ ይህ ሦስተኛዋ ነው።

«ይሄም ሰማያዊ ነው፣ ያም ሰማያዊ ነው። ግን አንድ አይደሉም። አይታይህም?»

«እህቴ፣ በካታሎጉ መሠረት ነው የቀመምኩት።»

«እኔ ካታሎግ አይደለም የምቀባው።»

ከኋላዋ አንድ ሰው ሳቀ። ዞር ስትል ቲነር ሊገዛ የመጣ፣ እጁ እስከ ክርኑ በቀለም የተዥጎረጎረ ወጣት ቆሟል።

«ምን ያስቅሃል?»

«ልክ ነሽ፣ አንድ አይደሉም» አለ። «ያንቺን ፀሐይ በልቶታል። ፀሐይ የበላው ቀለም ካታሎግ ላይ አይገኝም፤ በእጅ ነው የሚቀመመው።»

ሳትፈቅድለት ክዳኑን ከብብቷ ወሰደ። ባለሱቁን ትንሽ ነጭ፣ ትንሽ ግራጫ፣ ጠብታ የምታህል ቢጫ አስጨመረና በስንጥር አማሰለው። ከዚያ የክዳኑ ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ አሳርፎ እፍ አለባት። ነጥቧ ስትደርቅ ክብሪት ፈለገቻት፤ የት እንደነበረች ጠፋባት።

ይህ ደግሞ በራሱ አናደዳት።

«የት ነው የምትሠራው?» አለችው፣ የሰረቃት ነገር ያለ ይመስል።

ስኩተሯ የአባቷ ነበረች። አባቷ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከበር በር እየዞሩ ቁጥር ሲመዘግቡ ስኩተሯ በየሰው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ቆማ ስትጠብቃቸው ኖራለች። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ከዚያ ወዲህ ስኩተሯ ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ የካርቶን ክምር ተሸክማ ቀርታለች።

ክብሪት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺን ስኩተር ልክ እንደምታውቃት አድርጋ ማቆም። ልጅ ሳለች በመስኮት ሆና ከመንገዱ ጫፍ ትለየው የነበረው የአባቷን ፊት አልነበረም፤ ያንን የነተበ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ዩኒፎርም የመሰለ ሰማያዊ ነበር። አሁን የአባቷ ድምፅ ከጆሮዋ እየራቀ ነው። አንዳንድ ቀን ሳቃቸውን ልታስታውስ ትሞክርና እምቢ ይላታል። ቀለሙ እንኳ እንዳያመልጣት ፈርታለች።

ወጣቱ ቀለም ቀቢ ነው፤ መኪና ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ እየመጣ ጓሯቸው ውስጥ ሊሠራላት ተስማሙ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው በመጀመሪያው ቀን። «እኔም እሠራለሁ። ቁጭ ብዬ አላይም።»

«እማማ ግን ስምሽ ክብሪት ነው ብለውኛል። ክብሪትና ቲነር ባንድ ጓሮ እንዴት ይሆናል?»

እናቷ ከወጥ ቤት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ካቻቢቴውን ነጥቃው መፍታት ጀመረች።

ከፊት መብራቷ በቀር እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ፈቷት። ቡሎኖቹን ከክሊኒክ ባመጣቻቸው አዳዲስ የናሙና ዕቃዎች ውስጥ እየለየች፣ እያንዳንዱ ላይ ከየት እንደወጣ በብዕር እየጻፈች ደረደረቻቸው። እሱ አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አሳየውና «ይሄኛው ስኳር አለበት?» አላት። ያኔ ሳቋ አመለጣት።

የድሮውን ቀለም ፋቁት። ጎድጎድ ያለውን ላሜራ በስቱኮ ሞሉት፣ መልሰው አለሰለሱት፣ ዝገት መከላከያ ቀቡት። እሷ «በቃ፣ ልሟል» ስትል እሱ ይስቅ ነበር።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት አንድ እሑድ። «ዓይን ይዋሻል። በመዳፍሽ እዪው።»

ጨፈነች። እጁን እጇ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ በፓራፋንጎው፣ በጎማው መክደኛ ላይ፣ ወሰደው። መሀል ላይ ፀጉር የምታህል ጉብታ ተሰማቻት።

«አገኘሻት?»

«አገኘኋት።»

ጉብታዋ ተገኝታ ሳለ እጁን አላነሣም። እሷም ዓይኗን አልገለጠችም። እናቷ ሳይቸግራቸው ወጥ ቤት ውስጥ ድስት አንኳኩ።

ወደደችው። ሳታስበው የሚሆን ነገር ስለማትወድ በዚህም ሁለት ቀን ተናደደች።

ስለ ራሱ ብዙ አያወራም ነበር። አንዴ ብቻ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እኔ አባቴን በፎቶ እንኳ አላውቀውም። አክስቴ ናት ያሳደገችኝ» አላት። ይህንንም ያለው የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው። ክብሪት የብርጭቆ ወረቀቱን አቀበለችው።

ቀለሙ ብቻ ሲቀር ክሊኒኩ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ላካት። አብረው የቀመሙት ሰማያዊ በቆርቆሮ ተዘጋጅቷል፤ ክዳኑ ላይ «ይህ ነው። ሌላ አይደለም» ብላ በእጇ ጽፋ ሄደች።

የተመለሰችው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጓሮ ገባች።

ስኩተሯ መሀል ጓሮ ቆማለች። ጠቆር ያለ፣ ጥልቅ፣ የሰው ፊት የሚያሳይ ሰማያዊ ሆናለች። ቆንጆ ነበረች። የማንም አዲስ ስኩተር ትመስል ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

የቀለም ቀቢው ፈገግታ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። «መጨረሻ ላይ የፊት መብራቱን ቀለበት ስፈታው ከሥሩ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ቦታ አገኘሁ። ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ ነበረች። ትክክለኛው ቀለሟ ይሄ ነው።»

«ትክክለኛውን ማን ጠየቀህ?»

ቀለም ቀቢው አንዴ ብቻ ወጥ ቤት በር ላይ ወደቆሙት እናቷ አየት አደረገ። እናቷ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «መልሼ እቀባታለሁ።»

«ጽፌልህ ሄጃለሁ። ክዳኑ ላይ፣ በእጄ። ማንበብ አትችልም? ወይስ ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው እዚህ የቆምከው? ይቺን አባዬ አልነዳትም። ይቺን አላውቃትም። እኔ ያንን ቀለም ስፈልግ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ታውቃለህ፤ ያገኘህልኝ አንተው ነህ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። አንተ የምታየው ላሜራ ነው። አባት ኖሮህ ቢያውቅ ይገባህ ነበር።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ቃሉ እንደወጣ ልትይዘው ፈለገች፤ ግን ቁጣዋ ገና ስላልበረደ ኮራችና አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች። ቀለም ቀቢው መርጫውን፣ ጭምብሉን፣ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ። ሲወጣ በሩን በቀስታ ዘጋው። አላግቶት ቢሄድ ይሻላት ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አልደወለም፤ እሷም አልደወለችም። ክሊኒክ ውስጥ ከፋርማሲስቱ ጋር ተጣላች፣ ከዘበኛው ጋር ተጣላች፣ ከማይክሮስኮፑም ጋር የተጣላች ይመስል ነበር። ቤት ስትመጣ ደግሞ እናቷን በርጩማ ላይ ስኩተሯ አጠገብ ተቀምጠው፣ በለስላሳ ጨርቅ ሲወለውሉ ታገኛቸዋለች። ይህን ስታይ ደሟ ይፈላል።

በሁለተኛው ቅዳሜ የብርጭቆ ወረቀት ይዛ ወጣች። ከፊት ፓራፋንጎ ጀምራ ልትፍቃት ነው። ወረቀቱን እንዳሳረፈች የእናቷ እጅ አንጓዋን ያዛት።

«ተያት።»

«እማዬ፣ ልቀቂኝ።»

«ተያት አልኩሽ። ያስቀባኋት እኔ ነኝ።»

ክብሪት እጇን አወረደች።

«ቀለበቱን ሲፈታው ጠርቶ አሳየኝ» አሉ እናቷ። «‹እማማ፣ ይሄን ቀለም ያውቁታል?› አለኝ። እጄን ዘርግቼ ነካሁት። አባትሽ እኔን ሊያይ ሲመጣ የነዳት ይቺን ነው፤ እንዲህ ሆና። አንቺ ስትወለጂ ፀሐይ ጨርሷት ነበር። አንቺ የምታውቂው ደክሞት የሚገባውን ሰውዬ ነው። እኔ የሃያ ስድስት ዓመቱን ነው የማውቀው። አንዴ ልየው ብዬ ለመንኩት። ‹ልጅዎ ትቆጣለች› አለኝ። ‹እኔ እነግራታለሁ፣ አንተ ቀባ› አልኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እንደዚያ ስሰድበው ቆመሽ አልነበረም?»

«ፈራሁሽ።»

ክብሪት የሰማችውን ለማመን ቸገራት።

«እኔን?»

«አዎ፣ አንቺን። እሱ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ ባወራሁ ቁጥር ታርሚኛለሽ። ‹አባዬ እንዲህ አይልም፣ አባዬ ይሄን አይለብስም› ትያለሽ። እኔ እኮ ሚስቱ ነበርኩ፣ ልጄ። ትዝታውን እንኳ ካንቺ አስፈቅጄ ሆነ።»

ባለጋራ ቢፈራት ደስ ይላት ነበር፤ እናቷ ይፈሩኛል ብላ ግን አስባ አታውቅም። በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። እናቷ ጨርቁን አቀበሏት፤ የስኩተር መወልወያ መሆኑን ሁለቱም ልብ አላሉም።

ሲበርድላት ሌላ ቁጣ መጣባት። ያ ቀለም ቀቢ አንድ ቃል ተናግሮ መዳን ይችል ነበር። ለእናቷ ብሎ ዝም አለ፤ ዝም ሲል ደግሞ እሷ የማይባል ነገር አለችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ የሞተውን አባቷን ልትይዝ ስትሞክር በሕይወት ያለውን ሰው አባረረች።

ልብሷን ሳትቀይር ወደ ጋራዡ ሄደች።

የቀለም መርጫው ኮምፕረሰር ጋራዡን ሁሉ እያንቀጠቀጠው ነው። ቀለም ቀቢው ጭምብል አጥልቆ የታክሲ በር ይቀባል። ጎኑ ቆማ በዚያ ጩኸት መሀል ይቅርታዋን በጩኸት ተናገረች። ስትጨርስ መርጫውን አስቀመጠና ሄዶ ኮምፕረሰሩን አጠፋው። ጋራዡ ጸጥ አለ። ሁለት መካኒኮች ቀና አሉ፤ ሦስተኛው ከመኪና ሥር ጭንቅላቱን አወጣ።

«አልሰማሁም» አለ።

«ሰምተኸኛል።»

«አልሰማሁም።»

ሰምቷታል፤ ከዓይኑ ታውቃለች። ክብሪት በዕድሜዋ ይቅርታ የጠየቀችበት ቀን በጣት ይቆጠራል፤ ደግማ የጠየቀችበት ግን የለም።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለች፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። «ስለ አባትህ ያልኩት ነውር ነው። እማዬ ሁሉን ነግራኛለች።» በዚህ ማቆም አልቻለችም፤ «ግን አንተስ? ለምን ዝም አልክ? ‹እናትሽ ናት› ብትል ምን ነበረበት?»

ያኔ ቀለም ቀቢው ጭምብሉን አወለቀ። ተቆጥቶ አይታው አታውቅም ነበር።

«ከእናትሽ ላጣላሽ? ያለሽ እሷ ናት። እኔ የሌለኝን አንቺ አለሽ፣ እንዴት አድርጌ ልንካው?» ድምፁ ከፍ አለ። «ሁለት ሳምንት ተናድጄ ነው የከረምኩት። ሦስት በር አበላሽቻለሁ። ስምሽን እየረገምኩ እውላለሁ፤ ደግሞ ሰው በገባ ቁጥር አንቺ እንደሆንሽ ቀና እላለሁ። ባልወድሽ ያልሽው ነገር እዚያው ጓሮ ይቀር ነበር። ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ አይመጣም ነበር።»

ከመኪናው ሥር ያለው መካኒክ ጭንቅላቱን ቀስ ብሎ መለሰ።

ቀለም ቀቢው ተንፍሶለት ወደ እጁ አየ።

«መልሼ እቀባታለሁ» አለ ዝግ ብሎ። «ያንቺን ቀለም። ቆርቆሮው እዚህ አለ።»

«አይሆንም። እማዬ በየከሰዓቱ አጠገቧ ትቀመጣለች። ባሏን ነው የምታየው፤ አልወስድባትም።»

«ያንቺ አባትስ?»

መንገዱን ሙሉ ስታስብ የመጣችው ይህንኑ ነበር።

«አሁን የተቀባችው ቀለም ፀሐይ ላይ ቢውል» አለችው፣ «ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን እስኪመስል ስንት ዓመት ይፈጅበታል?»

የባለሙያ ኩራቱ ተነካ። «እኔ የቀባሁት? ቶሎ አይለቅም።»

«ስንት?»

«ሃያ ዓመት። ሃያ አምስትም ይሆናል።»

«እንግዲያው በየቀኑ ፀሐይ ላይ አቆማታለሁ» አለች። አሁንም ግንባሯ እንደተቋጠረ ነው፤ ሌላ ፊት አልመጣላትም። «ግን ደርሷል አልደረሰም የሚል ሰው ያስፈልገኛል። እኔ በዓይኔ አላምንም። ሃያ አምስት ዓመት ሌላ ቀጠሮ አለህ?»

ቀለም ቀቢው እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«የለኝም» አለ።