ገበያ ያልወጣው ፍራንክ

ሐምሌ ፲፱፻፷፱ ዓ.ም. ጅቡቲ ነፃነቷን ካወጀች ገና ሳምንታት ቢሆናት ነው፤ ከምሲን የተባለው የበረሃ ነፋስ ወደቡን በአቧራ ሸፍኖታል፤ የፈረንሳይ ሹማምንትም ጓዛቸውን ጠቅልለው መርከብ ይሳፈራሉ።

በፈረንሳዊው ሹም በሙሴ ጋርኒየ ቤት ሻንጣ የምታሰናዳው ገረድ የውብዳር ትባላለች። ወንድሟ ታምሩ፣ ሊመሠረት ለተቃረበው አዲስ አገር ለሙከራ የታተሙት የፍራንክ ኖቶች የተቀመጡበት ግምጃ ቤት ዘበኛ ነበር። ኖቶቹ መልካቸው ስላልተወደደ እንዲቃጠሉ ቢታዘዝም አንድ እሽግ ጠፋ፤ የግምጃ ቤቱ ሹም ሙሴ ጋርኒየ ስርቆቱን በታምሩ ላይ አላከከ፤ ታምሩም ወህኒ ቤት ንዳድ ይዞት በሚያዝያ ሞተ። የውብዳር ሐዘኗን ሳትጨርስ እህትነቷን ደብቃ ሙሴው ቤት ተቀጠረች፤ ሸሚዙን እየተኮሰች ቀኑን ትጠብቅለት ጀመር።

በዚያ ጠዋት የነጭ ኮቱን ገበር ስትዳብስ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ስፌቱን ፈታ አደረገችው፤ የሙከራ ኖቶቹ ናቸው። ቀና ስትል ሙሴ ጋርኒየ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት በተሰባበረ አማርኛ።

«የታምሩ እህት ነኝ፣ ሙሴ።»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወረቀት አወጣና ታምሩ ንጹሕ መሆኑን ጽፎ ማኅተም አሳረፈበት። «ዝም ካልሽ መርከቡ ላይ ስወጣ እሰጥሻለሁ።»

«ወንድሜ ሲሞት ይህ ማኅተም የት ነበር?» ብላ ኖቶቹን ከውስጥ ትታ ገበሩን መልሳ ሰፋችው፤ እሱም ተስማማች ብሎ ኮቱን ለበሰ።

ወደቡ ላይ የጉምሩክ ሹሙ ዘከሪያ ሻንጣዎቹን ፈትሾ ሊያሳልፍ ሲል የውብዳር ቀረብ አለች። ሰውዬው ድሬዳዋ ስለኖረ አማርኛ ያውቃል። «ጌታዬ፣ የለበሰውን ኮት ገበር ያስፈቱት» አለችው።

ኖቶቹ ወጡ። ሙሴው ዓይኗን እያየ ያንን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ቀዳዶ ባሕር ላይ በተነው።

«ምን ነበር እህቴ?» አላት ዘከሪያ።

«የወንድሜ ስም ነበር» አለች። ግን ሁለት ፖሊሶች ሙሴውን በጠራራ ፀሐይ፣ በወገኖቹ ፊት እየገፉ ሲወስዱት አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሙሴ ጋርኒየ «ከሌባው ታምሩ ነጥቄ ያስቀመጥኩት ነው» ሲል ቃሉን ሰጠ፤ ያለ ፍርድም ወደ አገሩ ተሸኘ። ኖቶቹ ተቃጠሉ። የውብዳር ካርቲየ ሦስት በሚባለው የከተማዋ ሠፈር አረጀች፤ «ምነው ወረቀቱን በተቀበልሽ» ለሚሏት «ሙት በወረቀት ሲነሣ አላየሁም» ትላለች። ስለ ጉዳዩ የቀረው መዝገብ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ በዚያም ላይ ዛሬም ድረስ ታምሩ ሌባ ነው፤ የእርሷ ስም አልተጻፈም።