የሙሽሮቼን ጉንጭ የወሰደው ግድግዳ

ይህን የምነግራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በገዛ እጄ ነክቼው፣ በገዛ ዓይኔ አይቼው ነው።

የሚያምን ይመን፤ የማያምን ይሳቅ... እኔ ግን አሁንም የምጽፍላችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው።

ሲጀምር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ታች መንገዱ ላይ መኪና ይጮሃል። ሰው የሚፈራው ሰዓት አልነበረም።

ሥራዬ ሙሽራ ማሳመር ነው። ትዳሬን ትቼ የወጣሁ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ "ሦስት ወር አትቆይም፤ እየለመንሽ ትመለሻለሽ" አለኝ። እልህ ያዘኝና ይህን ክፍል ተከራየሁ።

ሦስተኛ ፎቅ። አንድ ክፍል፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ከፍ ያለ ወንበር። ግድግዳው ላይ ያረጀ አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፏል፤ ትናንሽ ነጫጭ ቅጠሎች አሉበት።

አከራዬን የሕንፃው ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ።

"እንደ ልብሽ ሁኚበት ልጄ። ወረቀቱ ብቻ እንዳይቀደድ።"

"እሺ እማማ።"

"እንዳይቀደድ ነው ያልኩሽ!"

ሽማግሌ ሰው ለዕቃው ይሳሳል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ያን ቀን ጠዋት አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ሸኝቼ፣ ብሩሾቼን ላጥብ ዞር ስል... በሩ አጠገብ ወረቀቱ ላይ የፋውንዴሽን፣ የፊት መቀቢያው ቀለም፣ እድፍ አየሁ።

የእጅ መስሎኝ ጠጋ አልኩ።

የጉንጭ ነው።

ግማሽ ጉንጭ፣ የአፍንጫ ጥግ፣ ከሥሩ ደግሞ የከንፈር ጫፍ በቀይ። ሰው ፊቱን ግድግዳው ላይ ለጥፎ የሄደ ይመስላል።

ሚዜዎቹ ሲጋፉ አንዷ ነክታው ይሆናል አልኩ።

ወረቀት ላይ ያረፈ ሜካፕ አይፈተግም። የፈተገ ሰው እድፉንም ያሰፋዋል፣ ወረቀቱንም ይልጠዋል። መጀመሪያ ከቁም ሳጥኑ ኋላ፣ ማንም በማያየው ጥግ ሞከርኩት። ቀለሙ አለመልቀቁን ሳይ፣ እድፉ ላይ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩ። ቅባቱን እስኪመጥልኝ ሩብ ሰዓት ጠብቄ በለስላሳ ብሩሽ አራገፍኩት። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና... ጥጥ ነክሬ ጥብቅ አድርጌ ጨመቅሁና ከዳር ወደ መሃል ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። መጨረሻ ላይ በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን።

ለቀቀ። ወረቀቱ ጭረት እንኳ የለበትም።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ...

ግድግዳው ይሞቅ ነበር። ፀሐይ የማትነካው ግድግዳ።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የጠዋቷ ሙሽራ ናት፤ ታለቅሳለች።

"ምን አድርገሽኝ ነው?"

"ምን ሆንሽ የኔ ቆንጆ?"

"ግራ ጉንጬ ላይ ምንም የለም! ፎቶው ላይ ግማሽ ፊቴ ባዶ ነው!"

በገዛ እጄ ነው የቀባኋት። ሁለት ዙር። ውሃ የማያስለቅቀውን።

"ላብ ይሆናል" አልኳት። ስናገረው ለራሴም አልዋጥ አለኝ።

በሳምንቱ ሌላ ሙሽራ ሸኘሁ። ዞር ስል እድፉ አለ።

አሁን ግን በሩ አጠገብ አልነበረም። አንድ እርምጃ ወደ መስታወቱ ቀርቧል።

ቀለሙን አወቅሁት። ለዚያች ሙሽራ ብዬ ከሁለት ጠርሙስ የቀላቀልኩት ነው። በጠርሙስ የሚሸጥ አይደለም።

አጸዳሁት። ቁጭ ብዬ ስልኩን ጠበቅሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጮኸ።

"ግራ ጉንጬ..."

ሦስተኛዋም እንዲሁ። እድፉ አሁን ከወንበሩ በክንድ ርቀት ላይ ነው። አፉም ከፈት ብሏል።

ወሬ ክንፍ አለው። ቀጠሮ የያዙ ሙሽሮች አንድ በአንድ ቀሩ። ወረድ ብዬ እማማን ጠየቅኋቸው።

"ከወረቀቱ ኋላ ምንድን ነው ያለው?"

"ምን ይኖራል? የውጭ ግድግዳ ነው። ከዚያ ወዲያ አየር ነው።"

"ታዲያ ለምን አይቀደድ አሉ?"

በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሕንፃውን የሸጡልኝ ሰዎች ናቸው አይቀደድ ያሉኝ። ለምን ስላቸው... ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ።"

"እና እርስዎ ዝም አሉ?"

"ልጄ፣ ያልነካኝን ምን አስነካኝ?"

ወንድሜም ወሬው ደርሶት መጣ። ቆሞ ነው የተናገረው፤ መቀመጥም አልፈለገ።

"በይ ዕቃሽን ሰብስቢ።"

"ወዴት?"

"ወዴት ትያለሽ? ባልሽ ቤት ነዋ! ይሄው፣ ሙሽራው ሁሉ ሸሸሽ። የግድግዳ እድፍ ስትጠርጊ ልትኖሪ ነው?"

ጥጡ እጄ ላይ ነበር።

"ሜካፕ ከግድግዳ ላይ ማጽዳት የት የተማርኩ ይመስልሃል?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እዚያው። ባሌ ቤት። ፊቴን ግድግዳው ላይ ሲያትመው ማግስቱን እንግዳ እንዳያየው የማጸዳው እኔ ነበርኩ። አንተም ከእንግዶቹ አንዱ ነበርክ። 'ቤታችሁ እንዴት ያምራል' ብለህ ወጥ ጨምረህ በላህ።"

ዞሮ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ እግሩ ሲጎተት ሰማሁት።

በሩን ዘጋሁ። ወንበሬን አዙሬ ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

"ነይ" አልኩ።

በጣቴ ወረቀቱን አንኳኳሁ።

"ነይ እንጂ! የሰው ፊት ስትሰርቂ ነው የምትጎብዢው?"

መጀመሪያ ነጫጮቹ ቅጠሎች ተንቀሳቀሱ። ነፋስ የለም...

ከዚያ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ወደ እኔ አበጠ። አገጭ። ጉንጭ። የተዘጋ ዓይን።

አልዋሻችሁም፣ ፈራሁ። ወደ በሩ ግን አልዞርኩም። ከአንድ ቤት ሸሽቼ ወጥቻለሁ። ይበቃኛል።

"ስሚ" አልኩ። "ይሄ ቤቴ ነው። አልወጣልሽም። መቀባት ከፈለግሽ እኔ እቀባሻለሁ። ሙሽሮቼን ግን ከዛሬ ጀምሮ አትነኪም።"

ወረቀቱ ከፍ... ዝቅ አለ። እንደ ትንፋሽ።

ብሩሼን አነሣሁ።

ከግንባሯ ጀመርኩ። ወረቀቱ ሞቃትና ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ብጫነው የሚቀደድ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ... እንዳይቀደድ እየሳሳሁ ወደ ግራ ጉንጯ ወረድኩ።

ከዓይኗ ሥር እብጠት አለ። በጣቴ ነካሁት።

ያንን እብጠት አውቀዋለሁ። የት እንደሚጀምር፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በየትኛው ቀለም እንደሚሸፈን አውቀዋለሁ።

"ማነው እንዲህ ያደረገሽ?" ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም።

"እሺ። አትንገሪኝ። ግን ይሄን አልሸፍንልሽም። ይታይ።"

እብጠቱን ተውኩት። ቅንድቧን ሠራሁ። ከንፈሯን ደማቅ ቀይ ቀባሁት፤ እኔ ራሴ ለዓመታት "ለማን ነው?" እየተባልኩ ያልተቀባሁትን ቀይ።

ስጨርስ ፊቱ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ወረቀቱ ለጥ አለ። የቀባሁት ቀለም ሁሉ አብሯት ገብቶ ነበር። ወረቀቱ ላይ አንድ ነጥብ እድፍ አልቀረም።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ብሩሾቼን አጠብኩ።

ከዚያ ወዲያ ስምንት ሰዓት ላይ የሚጮህ ስልክ የለም። ሙሽሮቹም በሁለት በሦስት ተመለሱ። ሦስት ወሩ አለፈ፤ ስድስትም ሆነ። ወንድሜ አልደወለም። እኔም አልደወልኩለትም።

አለቀ ብዬ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ እማማ ሕንፃውን ከውጭ ሊያስቀቡ ቀለም ቀቢ አመጡ። አራት ሰዓት ላይ መስኮቴ ተንኳኳ። ሰውየው በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"እህቴ... እዚህ ውጭ የሠራችሁት ነገር አለ?"

"ምን ዓይነት ነገር?"

"ብቅ በይና እዪው። እኔስ ምን እንደምለው አላውቅም።"

በመስኮቱ ወገቤ ድረስ ወጥቼ አንገቴን አዞርኩ። የኔ አረንጓዴ ወረቀት ባለበት ግድግዳ፣ በውጭ በኩል፣ ምንም በማይቆምበት ሦስተኛ ፎቅ ከፍታ ላይ...

የሴት ማጅራት ነበር።

ሲሚንቶው ውስጥ የታተመ። ፀጉሩ ዘለላ ዘለላው ሳይቀር ይታያል። ፊቷን ወደ እኔ ክፍል አድርጋ ግድግዳው ውስጥ የተዘፈቀች ትመስላለች።

ማጅራቷ ላይ ደግሞ አምስት ጣቶች አሉ። የትልቅ ሰው እጅ። ወደ ውስጥ የሚጫን።

"ምን ላድርገው?" አለኝ ቀለም ቀቢው በሹክሹክታ። "ጠቅላላውን ልቀባበት?"

"የለም" አልኩት። "ፀጉሯን እንዳትነካ።"

"እሺ... ሌላውንስ?"

"ጣቶቹን አጥፋቸው።"

አየኝ። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ፣ ጫፉን ጠረገ፣ ክንዱን ዘረጋ...

ብሩሹ ገና ሳይደርስባቸው፣ ሁለታችንም እያየን፣ በጠራራ ፀሐይ...

ትንሿ ጣት ከማጅራቷ ላይ ተነሣች።

ከዚያ ቀጣይዋ።

ከዚያ...