አርባ አንደኛው የዕረፍት ቀን

የአፈር ባለሙያው ሬሳ በአራተኛው መስክ መካከል በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ጀርባው በከብት ኮቴ ደቅቋል፤ አፈር የሚወጋበት ብረትም ከጎኑ ወድቋል። ነፍሱን ይማርና፣ ላየው ሁሉ መንጋ የረገጠው ሰው ነበር። ስለዚህም ሽማግሌው እረኛ በረቱን ሳትዘጋ ተኛህ ተብሎ ተያዘ፤ ከመሐላ በቀር መከላከያ አልነበረውም።

መርማሪዋ ግን የሟቹን ማጅራት ኮቴ በማይሠራው ቀጭን ስንጥቅ ተከፍቶ አየችው። ቀጥላም ሣሩን አየች። ከበሩ እስከ ሬሳው ከተረገጠው መስመር በቀር እስከ ጉልበት ቆሟል፤ አንዲት ቅጠል አልተነጨችም።

«አባባ፣ ከብትዎ ጾም ይዟል እንዴ?»

«ኧረ ልጄ፣ እንኳን ይህን ሣር ባርኔጣዬንም አይምሩልኝ።»

የግጦሹ ኃላፊ የከብቶቹ ባለቤት ታናሽ ወንድም ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ያስተማረውን ለመርማሪዋም በትዕግሥት አስረዳት፦ መንጋው ከመስክ ወደ መስክ ሲዘዋወር የተለቀቀው ሣር ያርፋል፤ ሥሩም ከአየር የተሳበውን ካርቦን በአፈር ውስጥ ያኖራል። ይህን በማመን እህቱ የመንጋዋን እኩሌታ ቀንሳለች። ባለሙያው ትናንት የመጣው የአፈሩን የምርመራ ውጤት ይዞ ነበር፤ ኃላፊው ግን ፈጽሞ አላገኘሁትም አለ።

«በሩ ላይ የዕረፍቱን ቀን የምትጽፍበት ሰሌዳ አለ። ዛሬ ነክተኸዋል?»

«ከትናንት ጠዋት ወዲህ አልነካሁትም። ለዚያ ማን ልብ አለው?»

መርማሪዋ እረኛውን፣ ኃላፊውንና እህቱን በመስኩ በር ሰበሰበቻቸው።

«መንጋው በራሱ ቢገባ ኖሮ ሲበላ ይገኝ ነበር» አለች በዝግታ። «ያስገባው ሰው ግን ሬሳውን እንዳስረገጠ መልሶ አስወጣው። ለሰው ያልራራ ልብ ለሣሩ ራራ። የተረገጠ መስክ ደግሞ ዕረፍቱ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ትናንት ጠዋት እረኛው ሲያየው ሰሌዳው ላይ አርባ አንድ ነበር፤ አሁን ተመልከቱ።»

ሰሌዳው «አንድ» ይላል፤ ጽሕፈቱ የኃላፊው ነው።

ኃላፊው የገዛ እጁን እንደ ባዕድ እጅ አየው። ሳያስበው ጽፎት ኖሯል።

«ማምሻውን ነገረኝ» አለ። «አፈሩ እንደ ፊተኛው ነው፣ ምንም ካርቦን አልጨመረም አለኝ። ለእትዬ ነገ እነግራታለሁ ሲል በብረቱ መታሁት።»

እህቱ እርሱን አላየችውም። «እውነቱን ነው ባለሙያው?» ስትል መርማሪዋን ጠየቀች።

«ላቦራቶሪውን ጠይቄያለሁ፣ እትዬ። ሁለት ጊዜ ለክተውታል። እውነቱን ነው።»

ሴትዮዋ ወደ በሩ ሄደች፤ የታሰረበትንም ሽቦ ፈታች። እረኛው ከእስር መዳኑን እንኳ ዘንግቶ ክንዷን ያዘ። «እመቤቴ፣ ገና አንድ ቀኑ ነው።»

«ተዋቸው» አለች፣ በሩን ለከብቶቹ እየከፈተች። «ይብሉት።»