ተራዋ የታለፈ

ቆቦ ውስጥ በየወሩ በዐሥራ ሁለት የሚሰበሰብ አንድ የሚካኤል ማኅበር አለ። አባላቱ ሠላሳ ሁለት ናቸው። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተረኛው ይደግሳል፤ ካህኑ ጸልየው ይባርካሉ፤ ከዚያ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጨዋታው ይደራል።

ፍሬዓለም ማኅበሩ የገባችው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ከደብረ ታቦር ለግብርና ሥራ ተመድባ ስትመጣ በአገሩ አንድም የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ከተከራየችው ቤት አጠገብ ጌሾ እየቸረቸረች የምትኖር ማናለብሽ የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅም አልወለደችም። ፍሬዓለም የመጀመሪያ ልጇን ስትገላገል ባሏ ለሥራ ርቆ ነበርና ገንፎውን ያገነፋችላት፣ ልብሷን ያጠበችላት፣ ዐሥር ቀን አብራት ያደረችው ይህች ሴት ናት። ከአራስ ቤት ስትወጣ እጇን ይዛ ማኅበሩ ዘንድ ወሰደቻት። «ዘመድ የለኝም እንዳትይ፤ ይኸውልሽ ዘመድ» አለቻት።

ያን ጊዜ ድግሱ ዳቦ፣ የማሽላ ጠላና ንፍሮ ነበር። ሰው የቤቱን ያቀርባል፤ የተረፈው ለታመመና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠ ነዳይ ይላካል። ነገሩ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። ባሏ በእህል ንግድ የከበረላት የትናየት ተራዋ ሲደርስ በግ አረደች። ቀጣዩ «ከሷ አላንስም» ብሎ ሁለት አረደ። ከዚያ ድንኳኑ መጣ፤ የኪራይ ወንበሩ፣ ቢራውም በሳጥን ተከተለ። ይህን የሚያዝ ደንብ የትም አልተጻፈም፤ ሆኖም የማያውቀው አልነበረም።

ባለፈው ሚያዝያ ማኅበሩ እንደ ወትሮው ተሰበሰበ። ቄስ አላምረው ስለ ቀደሙት ክርስቲያኖች አስተማሩ።

«እነዚያ ሰዎች ማዕዳቸው አንድ ነበር» አሉ። «ያለው ከሌለው ጋር ከአንድ እንጀራ ይቆርስ ነበር። አንድ ጊዜ ባልቴቶች ከዕለት ምግባቸው ተዘነጉና ጉርምርምታ ተነሣ። ሐዋርያት የሴቶች ወሬ ነው ብለው አላለፉትም፤ ሰባት ሰዎች አስመርጠው ለዚሁ አገልግሎት ሾሙ። ይህ ጽዋችንም የዚያ ማዕድ ልጅ ነው።»

ሁሉም «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አለ። ይህ ከተባለ በኋላ ማናለብሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። የማኅበሩን ሙሴ፣ ሰብሳቢውን ስሜነህን እያየች ተናገረች።

«ጋሼ ስሜነህ፣ የግንቦቱ ተረኛ እኔ ነኝ። ማሽላዬ እሸት እንኳ ሳይሆን መድረቁን ታውቃላችሁ። በግ የለኝም። ዳቦና ጠላ ግን አላጣም። እሱን ትቀበሉኛላችሁ ወይ?»

ቀድማ የተናገረችው የትናየት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

«እትዬ ማናለብሽ፣ ለእርስዎ አስበን እኮ ነው። ስንት እንግዳ በሚመጣበት ቀን ዳቦ ብቻ ቢቀርብ የእርስዎም ስም ይነሣል፣ የማኅበሩም ክብር ይወርዳል። ምን አስጨነቀዎ?»

«እውነት ነው፤ አናስቸግርዎ» አለ ስሜነህ። «ተራዎን እናሳልፈውና ሲመችዎ ያወጣሉ። ጽዋውን ፍሬዓለም ታንሣ።»

ማናለብሽ ዞር ብላ ፍሬዓለምን አየቻት። «ዳቦው ይበቃናል» የሚለው ቃል ፍሬዓለም ምላስ ላይ ነበር። ነገር ግን የተቀመጠችው ከየትናየት ጎን ነው፤ ሰው ምን ይለኛል አለች። ቄስ አላምረውም አቀርቅረው መስቀላቸውን ያሻሹ ነበር። ፍሬዓለም ተነሥታ ጽዋውን ተቀበለች። ግንቦት ሲደርስ ሁለት በግ አረደች፤ ድግሷም ተመሰገነ።

ማናለብሽ በዚያ ቀን አልመጣችም። በሰኔም አልመጣችም። «ሲመቻት ትመጣለች» ተባለ። ፍሬዓለም ከማናለብሽ ሰፈር ከለቀቀች ቆይታለችና ሐምሌ ላይ ገበያ አገኘቻት። ከስታለች፤ የጌሾ መደቧም አንሷል።

«ምነው ጠፉሳ?» አለቻት።

«የሰው እየበላሁ የማላበላ ሆኜ እንዴት ልቀመጥ ልጄ? ኅሊናም አይፈቅድም።»

«እሑድ እመጣለሁ፤ ቁጭ ብለን እንጫወታለን።»

እሑድ እንግዳ መጣባት። በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ነበረባት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከሐሳቧ ወጣ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በቆላው ወባ ገባ። መስከረም ዐሥራ ሁለት ቀን ተረኛዋ የትናየት ነበረች፤ ድንኳኑ እስከ መንገዱ ተዘርግቷል። ሰው ሥጋው ላይ እንዳለ የማናለብሽ የግድግዳ ጎረቤት አሚና እየሮጠች መጥታ ከድንኳኑ በር ቆመች። ፍሬዓለምን በእጇ ጠራቻት።

«ማኔ ልትሞት ነው። እኔ ልጄ ዘንድ ሮቢት ሰንብቼ አሁን ብመለስ ወድቃ አገኘኋት። ወላሂ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ውኃ ያቀመሳት የለም። ማኅበርተኞች አሉኝ ትለኝ ነበር፤ እናንተ አይደላችሁም ወይ?»

ፍሬዓለም ጉርሻዋን አስቀምጣ ተከተለቻት። ባጃጅ ጠርተው ማናለብሽን ሐኪም ዘንድ አደረሷት። ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ሰው አትለይም። መርፌ ሲወጓት ብቻ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ «ዛሬ ዐሥራ ሁለት ነው? ዳቦው ደርሷል፤ ይግቡ በያቸው» አለች። በማግስቱ አረፈች።

ለቀብሯ ማኅበሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወጣ። ስሜነህ ከሰው ፊት ቆሞ ደግነቷን ተናገረ። በአርባኛው ቀን ተዝካሯን ማኅበሩ አወጣ፤ ላም ታረደ። አሚና ከድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብላ ትሪው ሲመላለስ ስታይ ቆየች። ምግብ አልነካችም።

«ይኼ ሁሉ ለማን ነው ፍሬዓለም?» አለቻት ቀስ ብላ።

ያን ዕለት ድንኳኑ ሳይፈርስ ፍሬዓለም ከሰው ፊት ቆመች። «የገደላት ወባ ብቻ አይደለም» አለች። «ዳቦሽን አንቀበልም ብለን ከማዕዳችን አወጣናት። እኔ ካሳደገችኝ እናት በማታንስ ሴት ላይ ዝም አልኩ፤ ጽዋዋንም ነጥቄ በሷ ተራ በግ አረድኩ። የኅዳር ሚካኤልን ለኔ ስጡኝ። ዳቦና ጠላ ነው የማቀርበው።»

ጥቂቶች አለቀሱ። ስሜነህ «ልክ ብለሻል፤ ደንቡን እናርማለን» ብሎ ሦስት ሰው አስመረጠ። ሦስቱ እስከ ዛሬ አልተሰበሰቡም።

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ደረሰ። ፍሬዓለም ዳቦ ጋገረች፣ ጠላ ጠመቀች፣ ንፍሮ ቀቀለች። ከሠላሳ ሁለቱ የመጡት ዘጠኝ ናቸው። የትናየት «አሞኛል» ብላ ላከች፤ ስሜነህ ጥቂት ቀምሶ ቶሎ ተነሣ። ቄስ አላምረው ዳቦውን ባርከው ቆረሱ።

«ያን ቀን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አሉ። «ለሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ።»

የታኅሣሡን ጽዋ ማን ያነሣል ተባለ። ዳቦ ብቻ የቀረበበትን ጽዋ ተቀብሎ ዳቦ ለማቅረብ የደፈረ አልተገኘም፤ ወደ ቀድሞው ትልቅ ድግስ ለመመለስም አፈሩ። ጽዋው እዚያው ፍሬዓለም ቤት አደረ፤ አሁንም እዚያው ነው። ማኅበርተኞቹ በሌላ ጽዋ፣ በየትናየት ቤት እንደገና ጀምረዋል ይባላል።

ወገኖቼ፣ ከሐዋርያት ዘመን ስለ ወረስነው ማዕድ ስንናገር አፋችን አይደክምም። እነሱ ግን ማዕዱ ላይ ማን ጎደለ ብለው ይጠይቁ ነበር። በየማኅበራችን ተራው ታልፎ የቀረ፣ አፍሮ ከቤቱ የዋለ ሰው አለ። «ሲመቸው ይመጣል» አንበል፤ አይመቸውም። ዛሬ በሩን እናንኳኳ። ፍሬዓለም ያችን እሑድ ልትመልሳት ብትመኝም፣ ማናለብሽ ቤት ዛሬ የሚኖሩት ሌሎች ተከራዮች ናቸው።