ሙሉውን ካልከፈትነው

ደምለው የሞተው ቀኝ እጁን ወደ ራውተሩ እንደ ዘረጋ ነው። ባዶ እግሩን፣ እርጥብ ወለል ላይ ተንጋሎ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ እንደ ተከለ ቀረ። ሱቁ መተማ ዮሐንስ፣ ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ሳሉጎች በረሃ ከመግባታቸው በፊት ስልካቸው ላይ ፊልምና ዘፈን የሚያስጭኑት እዚያ ነው። ራውተሩን ሌባ እንዳይወስድበት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የብረት ሳጥን ውስጥ አስቀምጦት ነበር።

ኢንስፔክተር የዓለምወርቅ ስትደርስ ኮማንደር ዘመነ ነገሩን በራሱ ጨርሶታል።

«ገዳይዋ ይቺ ናት» አለ፣ ጥግ ላይ ኩርምት ያለችውን የሟቹን ሚስት ጸዳለን በአገጩ እያሳየ። «ከሳጥኑ ጀርባ የመብራት ገመድ ታስሯል። ብረቱን ሲነካ ያዘው። ዛሬ ተጣልተዋል፣ ወለሉንም በውሃ ያራሰችው እሷ ናት።»

«በዚህ ሙቀት ወለል የማይረጭ ማን አለ? የእርስዎ ባለቤት አይረጩም?»

«የእኔ ሚስት ባሏ አልሞተባትም!»

የዓለምወርቅ ወደ ሳጥኑ ዞረች። ክርክሩን ስትተው ግን የተቀበለች እንዳይመስላችሁ፤ ከያዘች የማትለቅ ሴት ናት። በሩ ላይ የጸዳለ ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። አባት ሞቷል፤ እናት ከታሰረች ደግሞ የእነዚህ ዕጣ ሜዳ ላይ መውደቅ ነው።

መብራቱ ከቆጣሪው መጥፋቱን አረጋገጠችና ገመዱ የታሰረበትን ጥቁር ናስትሮ ቀስ ብላ ላጠችው። የሚጣበቀው ጎን ላይ ነጭ ብናኝ አለ። በጣቷ ፈተገችው፣ አሸተተችው፣ በወረቀት ጠቅልላ ያዘችው።

«ለምን ተጣላችሁ?» አለቻት ጸዳለን።

«በፊልሙ ነው እትዬ። ሰሞኑን ከኢንተርኔት ማውረዱ እየተጎተተበት፣ ንዴቱን በእኔ ይወጣል። ድሮም ፖርቱ ሳይከፈት እንዲህ ነበር።»

«ፖርቱ ምንድን ነው?»

«በራውተሩ ላይ ያለ በር ነው ይላሉ። ሲከፈት ፊልሙ ከማናውቀው ሰው ኮምፒውተር ተንደርድሮ ይመጣል፤ ከእኛም ወደ ሌላው ይሄዳል። የከፈቱልን መምህር አንዱአምላክ ናቸው። የሚስጥር ቁጥሩም ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። ደምለው ‹ለሰው የምናጋራው የፊልሙን ማኅደር ብቻ ይሁን› ሲላቸው፣ ‹ሙሉውን ካልከፈትነው አይፈጥንም› አሉት። እውነትም ፈጠነ። አሁን ሲጎተት ጠራቸው፤ ትናንት መጥተው ሳጥኑን ሲነካኩ ቆዩ።»

«አብረሻቸው ነበርሽ?»

«ኧረ እኔ ከውጭ ነበርሁ። መብራት ሄዶ ውስጡ ጨለማ ነበር። መብራቱ የመጣው ዛሬ ቀትር ላይ ነው። ደምለው ኮምፒውተሩን ቢከፍተው አሁንም ያው ነው። ‹ሲጎተት ራውተሩን አጥፍተህ አብራ› ብለው መምህሩ አስተምረውት ስለ ነበር እጁን ሰደደ...» እንባ አቋረጣት።

ጎረቤቱ ለይኩን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ ነው፤ ሳይጠየቅ ጮኸ።

«ገመዱ ከእኔ ሱቅ ነው፣ ናስትሮውም የእኔ ነው! የከተማው ገመድ ሁሉ ከእኔ ሱቅ ነው። ሰው በገመዴ ራሱን ቢሰቅል እኔን ልትሰቅሉኝ ነው?»

«ማንም አልሰቀለህ። ደምለው ጠላት ነበረው?»

ለይኩን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመምህሩ እህት የሀኒ ነገር አለ። ዘፈን ልታስጭን ስልኳን ሰጠችው። እሱ ደግሞ የደንበኛን ስልክ ሳይነካ መጀመሪያ ሙሉውን ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣል፤ ቢበላሽ ልመልስ ብሎ ነው። ለእጮኛዋ ብላ የተነሳችው ፎቶ ሱዳን ገዳሪፍ ድረስ በሰው ስልክ ታየ። ቀለበቷ ተመለሰ። እሷም ድንበር ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም።»

«መምህሩስ?»

«‹እግዜር ያውቃል› ብለው ከደምለው ጋር ምሳ በሉ። ደግ ሰው ናቸው።»

ደጉን ሰው ለቅሶው ቤት የሟቹን ልጆች ሲያባብል አገኘችው።

«ትናንት ሱቁ መጥተው ነበር መምህር?»

«መጥቼ ነበር። ራውተሩን ሞከርሁት፣ ደህና ሠራ። ‹በል እንግዲህ ይፈጥንልሃል› ብዬው ሄድሁ።» ዓይኑን ጠረገ። «ምስኪን!»

በማግስቱ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኮማንደሩ ካቴናውን ይዞ መጥቷል።

«ኮማንደር፣ ካቴናውን ትንሽ ይያዙት» አለች የዓለምወርቅ። «ከገንዳ ውሃ ከተማ የመጣው ባለሙያ ራውተሩን አይቶታል። ፖርቱ ተዘግቷል። የሚጎተተው ለዚያ ነው። ደምለው የሚስጥር ቁጥሩን ስለማያውቅ ሊዘጋው አይችልም፤ ቁጥሩን የያዘ ግን ከደጅ ሆኖ በስልኩም ይዘጋዋል። የዘጋው ሰው ሲጎተት እንደሚጠራ፣ ኋላም ደምለው እጁን ወደ ሳጥኑ እንደሚሰድ ያውቃል። ጸዳለም ለይኩንም ቁጥሩን ስለማያውቁ ሊዘጉት አይችሉም።»

ናስትሮውን ከወረቀቱ አወጣች።

«ይህ ነጭ ብናኝ ጠመኔ ነው። እዚህ ሱቅ ጠመኔ የለም፤ ለይኩንም ጠመኔ አይሸጥም።»

«ጠመኔ የሚይዝ መምህር እኔ ብቻ ነኝ?» አለ አንዱአምላክ።

«አይደሉም። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ‹ራውተሩን ሞከርሁት፣ ደህና ሠራ› ያሉኝ ስለ ትናንት ወዲያ ነው። ያን ቀን ከተማው በሙሉ መብራት አልነበረውም። በምን ሞከሩት?»

ለይኩን ከመምህሩ አጠገብ አንድ እርምጃ ሸሸ።

«መብራት በሌለበት የሚሻለው ገመድ ማሰር ነው እንጂ ራውተር መጠገን አይደለም» አለች የዓለምወርቅ።

«ሸጣት!» አለ መምህሩ። «እናት አባት ሆኜ ያሳደግኋትን ልጅ ለዓለም ሸጣት!»

እስከዚያ ድረስ አንቱ ስትለው የቆየችው ሴት አንተ አለችው። «አልሸጣትም። ‹የፊልሙን ብቻ› ብሎህ ነበር። ‹ሙሉውን ካልከፈትነው› ያልኸው አንተ ነህ። ከደንበኛ ስልክ የገለበጠው ሁሉ አንተ በከፈትኸው ሙሉው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ሀኒን በዚያ በር ያስወጣሃት አንተ ነህ።»

መምህሩ ሳጥኑን አየ፣ ከዚያ እጁን አየ። ኮማንደሩ ካቴናውን ሲያጠልቅለት እንኳ ከእጁ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

ሰዉ ሲወጣ ጸዳለ ቀረች።

«እትዬ፣ ‹ሙቀቱ ገደለኝ፣ እባክሽ እርጭልኝ› ብሎኝ ነው። ውሃውን ባልረጨው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

የዓለምወርቅ የጸዳለን ልጆች ከደጅ ጠርታ እናታቸው እቅፍ ውስጥ አስገባቻቸውና ወጣች።

ጸዳለ ያ ሱቅ አሁንም አላት። መተማ በጸሐይ ሲነድ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወለሉን ሲያርስ፣ የእሷ ወለል ብቻ ደረቅ ነው።