የተቆለፈው ክፍል ሐኪም

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ሰው መንፈስ አየሁ ሲለኝ "መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?" ብዬ የማሾፍ ሰው ነኝ። ይህን ግን ያየሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ እመኑኝ።

አባቴ ዶርዜ ሸማኔ ነበር። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መወርወሪያው እያመለጠው ሥራ ፈታ፣ ሥራ የፈታ ሸማኔ ደግሞ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ነው የሚቀመጠው፣ ማየቱ አንጀት ይበላል። የነርቭ ስፔሻሊስት ይየው ተባለ፣ ስፔሻሊስቱ ግን ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ብቻ ነው፣ ቀጠሮው ወራት ፈጀ። ቀኑ ደርሶ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሄድን፣ እኔ ውሃ ልገዛ ወጣ ባልኩበት ስሙ ተጠራ፣ አባቴ ዝም። ሦስቴ ካልተጠራ አቤት አይልም፣ "ጠሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም" ይላል፣ በዚህ አመሉ እናቴ ምሳ ስትጠራው እንኳ ወጡ ይቀዘቅዝ ነበር። ነርሷ አንዴ ጠርታ ወደ ቀጣዩ አለፈች፣ እኛም ሌላ ቀጠሮ ይዘን ተመለስን፣ እንደገና ወራት።

በሁለተኛው ቀጠሮ "አባዬ፣ በእግዜር፣ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት በል" ብዬ ለመንኩት። ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሏል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ ስልክ ይዞ ይጮኻል። ድንገት አባቴ "አቤት" ብሎ ተነሣ። ማንም አልጠራም፣ ጆሮዬ ነርሷ ላይ ነበር። "አልተጠራህም እኮ" ብለው አልሰማኝም፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ታጠፈ። በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ቀስ ያለ የጫማ ድምፅ፣ ከዚያ በሩ ሲዘጋ። ተከትዬው ስደርስ ተመልሶ እየመጣ ነው፣ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ሁልጊዜ እኔ የምቆልፍለትን፣ በቀኝ እጁ።

ወዲያው ነርሷ ስሙን ጠራች።

"ዶክተር አየችኝ፣ ጨርሻለሁ" አላት።

"ዶክተሩ ወንድ ነው፣ አባባ" አለች እየሳቀች።

እኔም ሳቅሁ፣ የአባቴ አማርኛ ወንድና ሴት ይቀላቅላል። በጋሞኛ ስጠይቀው ግን ሴት ናት አለኝ፣ እጄን ይዛ "በቃህ፣ ከእንግዲህ አትጠብቅም" አለችኝ አለ። ብለምነው፣ ባለቅስ፣ ስፔሻሊስቱ ጋ አልገባም ብሎ ድርቅ አለ። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው በር አንድ ነው፣ የተሰባበሩ አልጋዎች የሚከማቹበት፣ የዛገ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። በእጄ ነካሁት፣ ተቆልፏል።

አባቴ ወደ ሸማው ተመለሰ፣ መንደሩም ጉድ አለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን እናቴ ምሳ ጠራችው፣ ሦስቴ ጠራችው፣ ከዚያም ደጋግማ ጠራችው። እግሩን አስገብቶ የሚሸምንበት ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀመጠ ነበር። ስፔሻሊስቱ ቢያየው ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ እያልኩ ዛሬም አለቅሳለሁ።

ከሐዘኑ በኋላ ዶርዜ ስሄድ አንዲት ጎረቤታችን መንገድ ላይ ጠበቀችኝ፣ ትንሽ ልጇን የሚጥል በሽታ ይዟታል፣ የልጅቷም ቀጠሮ ሩቅ ነው።

"መምህርት፣ አባትሽን ያየችው ሐኪም በሯ የትኛው ነው?"

"በሩ የተቆለፈ ነው፣ ሐኪምም የለበትም" አልኳት፣ "ደግሞ አባቴ እኮ ሞተ።"

"መንቀጥቀጡ ግን ትቷቸው ነበር" አለችኝ።

ትናንት ጠዋት ልጇን አዝላ ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው መኪና ስትሳፈር አየኋት። ቀጠሮዋ ገና ነው።